ዝርዝሩ ለምን ተቆረጠ?



ለጀመዓችን መጻሕፍት ማዋሻ በፓይተንና በኪውት ፕሮግራም ስንሠራ አንድ ችግር ገጠመን። መፈለጊያው ሳጥን ላይ የመጽሐፍ ስም ሲጻፍ ከሥሩ የሚወርደው ዝርዝር ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። ተረኛውም መጽሐፉ እያለ «የለም» ብሎ ተማሪ ይመልሳል።

መጀመሪያ የዝርዝሩን ቁመት ጨመርን፤ አልሆነም። «ሬይዝ» በሚለው ትእዛዝ ከላይ ልናደርገው ሞከርን፤ እሱም አልሠራም። ምክንያቱ ምንድን ነው? በኪውት ልጅ የሆነ ዊጄት ከወላጁ ክልል ውጭ አይሳልም። ሬይዝም የሚያስቀድመው በአንድ ወላጅ ልጆች መካከል ብቻ ነው። ሌይአውት ውስጥ የገባ ዊጄት ደግሞ ቦታውንና መጠኑን የሚወስንለት ሌይአውቱ ነው።

ስለዚህ መቀየር ያለበት መጠኑ ሳይሆን ወላጁ ነው። ዝርዝሩን ከሌይአውቱ አውጥተን የዋናው መስኮት ልጅ አደረግነው። የመፈለጊያውን ቦታ «ማፕቱ» በሚለው ትእዛዝ ወደ መስኮቱ መለኪያ ቀይረን ዝርዝሩን ከሥሩ አስቀመጥን፤ በመጨረሻም ሬይዝ አልነው። አሁን ሙሉው ይታያል። ሌይአውቱ ግን ከእንግዲህ ስለማያውቀው፣ መስኮቱ ሲሰፋና ሲጠብ ቦታውን እንደገና ማስላት የእኛ ሥራ ሆኗል።

ዝርዝሩ ከመስኮቱም አልፎ እንዲወጣ ከተፈለገ ራሱን የቻለ መስኮት፣ ለምሳሌ ፖፕአፕ፣ መሆን አለበት። ያኔ ቦታው የሚሰላው «ማፕቱግሎባል» በሚለው፣ በስክሪኑ መለኪያ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ፣ ዊጄት ሲቆረጥባችሁ መጠኑን ከመነካካታችሁ በፊት «ወላጁ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።