ተራው ብሬከር የማያየው ብልጭታ

በመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ተራ ብሬከር የሚጠብቀው የኤሌክትሪኩን መጠን ነው፤ ባለ 15 አምፔር ከሆነ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያሳልፋል። ነገር ግን በአልጋ እግር የተቀጠቀጠ ሽቦ በ5 አምፔር እንኳ ብልጭታ ቢፈጥር፥ የብልጭታው ሙቀት ብዙ ሺህ ዲግሪ ስለሚደርስ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የብልጭታ ብሬከር የተባለው መሣሪያ ከመጠኑ ሌላ የሞገዱን ቅርጽ ይመረምራል፤ ይኸውም ብልጭታ ባለበት መሥመር ሞገዱ ዜሮን ሲያልፍ ለቅጽበት ይቋረጣል፥ ፈጣን ንዝረትም ይታይበታል። የአንዳንድ ሞተሮች ብሩሽም ይህን የመሰለ ብልጭታ ስላለው፥ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በ1999 እ.ኤ.አ. እትሙ፥ ከ2002 ጀምሮ በአዳዲስ ቤቶች መኝታ ክፍሎች እንዲገባ አዘዘ። እንደምንረዳው ግን መሣሪያው ጠባቂ እንጂ ጠጋኝ አይደለም፤ የተቀጠቀጠው ሽቦ ካልተለወጠ ጉዳቱ በቦታው ነው።