መጠጡ ሌላ፣ መሪው ሌላ

ወደ ቤተሰብ ምክር አገልግሎት የሚመጡ ሚስቶች በአብዛኛው ይዘው የሚመጡት ጥያቄ «ባሌን መጠጥ እንዴት ላስተወው?» የሚል ነው። ጥቂት እንደተጨዋወትን ግን ከጥያቄው ሥር ሌላ፣ ይበልጥ አጣዳፊ ፍርሃት ብቅ ይላል፤ ሰውየው ጠጥቶ ይነዳል። ከሠርግ፣ ከማኅበር ወይም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ካመሸበት ግሮሰሪ ሲመለስ መሪውን የሚይዘው እሱ ነው። አንዳንዴም ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሚስት ይህን የምትናገረው ከማምሸቱና ከገንዘብ ማባከኑ ጋር ደርባ፣ የመጠጡ አንድ ጣጣ አድርጋ ነው። የብዙ ቤተሰብ ድካም ፍሬ የሚያጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጠጡና መንዳቱ ለየብቻ መያዝ አለባቸው። መጠጥን መተው የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ሥራ ነው፤ ውሳኔውም የጠጪው ነው። መንዳቱ ግን የዛሬ ማታ ጉዳይ ነው፤ ከፊሉም በትዳር ጓደኛ እጅ ነው። መጠጡ መፍትሔ እስኪያገኝ መንዳቱም ይጠብቅ ማለት እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ ዕጣ መጣል ነው። (ስለ ባሎች የምጽፈው በብዛት የሚመጣው ጉዳይ እንዲያ ስለሆነ ነው፤ የምትጠጣው ሚስት ብትሆንም ነገሩ ያው ነው።)

ብዙዎች ክርክሩን የሚጀምሩት በተሳሳተ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ መኪናው በር ላይ ቆመው። አልኮል ቀድሞ የሚነካው እግርን ወይም ምላስን ሳይሆን ማመዛዘንን ነው። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ ከልቡ ደህና ነኝ ብሎ ያምናል። ራሱን የሚመዝንበት አእምሮ ራሱ አልኮል የነካው ነውና። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በማስረጃ ሊረታ አይችልም፤ ልመናም ቁጣም ጠብ ከመጨመር በቀር አይፈይድም። ቡና ማጠጣት፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ ማስታጠብ፣ ሥጋ ማብላት የሚባሉት መላዎችም ሰውየውን ያነቁት ይሆናል እንጂ ደሙ ውስጥ የገባውን አልኮል አያወጡም። አልኮልን የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ አይቸኩልም። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አምስት በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። መካከለኛ ክብደት ያለው ወንድ በሰዓት የሚያስወግደው ሰባት ግራም ገደማ ነው። አንዱን ጠርሙስ ለማጥራት ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጀምሮ ስምንት ቢራ የጠጣ ሰው ተኝቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲነሣ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ገና ግማሽ ግራም ያህል አልኮል ሊኖር ይችላል። ስለ ማታው የሚጨነቅ ቤተሰብ ይህን ጠዋት ፈጽሞ አይቆጥረውም። የጠላው፣ የጠጁና የአረቄው ሒሳብማ ከዚህም የከፋ ነው፤ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ስንት ብርሌ ስንት ግራም እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ሕጉ ከሚፈቅደው በታች ነው የጠጣሁት» የሚል መልስ ከተማሩ ባሎች ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አሽከርካሪ የሚመክረው ጣሪያ በሊትር ደም 0.5 ግራም ሲሆን ለጀማሪዎች 0.2 ነው። ስዊድን ለሁሉም 0.2 አድርጋለች። የኢትዮጵያ ጣሪያ በድርጅቱ የ2018 ሪፖርት የተመዘገበው 0.8 ተብሎ ነው። ከአገር አገር እንዲህ መለያየቱ ጣሪያው ቅጣት የሚጀምርበት መስመር እንጂ አደጋ የሚጀምርበት መስመር አለመሆኑን ያሳያል። ከዚህም የሚብሰው «እሱ ቢጠጣም አይሰክርም» የሚለው ሙገሳ ነው። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አይንገዳገድም፣ አይንተባተብም፤ ሰውነቱ ምልክቱን መደበቅ ለምዷል። በአንድ ጊዜ መንገዱንም፣ መስታወቱንም፣ በጨለማ የሚሻገረውንም ሰው መከታተል የሚያስችለው ንቃት ግን በልምድ አይመለስም። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ከግብዣ ሲወጣ ቁልፉ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለዚህ «ለማይሰክረው» ሰው ነው፤ ከተሰብሳቢው ሁሉ ብዙ የጠጣው ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የትዳር ጓደኛ ምን ትችላለች? እዚህ ላይ ከመንገድ ደኅንነት ጥናት የምወስደው አንድ ትምህርት አለ። እንግሊዝ በጥቅምት 1967 እ.ኤ.አ. በትንፋሽ ምርመራ የተደገፈ ጥብቅ ሕግ ሥራ ላይ ስታውል በተለይ በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊቶች የሚደርሰው ጉዳት በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ቆይቶ ግን ውጤቱ እየተሸረሸረ ሄደ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ሎረንስ ሮስ ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ፣ አሽከርካሪዎች መጀመሪያ ላይ እንያዛለን ብለው ፈርተው ነበር፣ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ መሆኑን ሲረዱ ግን ወደ ልማዳቸው ተመለሱ የሚል ነው። ሰውን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አይቀሬነቱ ነው ማለት ነው። በቤት ውስጥ የምንሰማው ዛቻ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። «ዳግመኛ ጠጥተህ ብትነዳ እፈታሃለሁ» የሚለው ቃል እጅግ ከባድ ነው፤ ግን አይፈጸምም፤ ባልም እንደማይፈጸም ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ በሚገባ ያውቃል። «ጠጥተህ ከሆነ እኔና ልጆቹ መኪናው ውስጥ አንገባም» የሚለው ቃል ግን ትንሽ ነው፤ የሚያስፈጽመውም የባል ፈቃድ ሳይሆን የሚስት እግር ነው። አንድ ብርጭቆም ይሁን አሥር፣ የእናቱ ቤትም ይሁን የሠርግ አዳራሽ፣ ያለ ጩኸትና ያለ ስድብ በእያንዳንዱ ጊዜ ከተፈጸመ ከሁለት ወር በኋላ የቤቱ ሕግ ይሆናል። አንድ ቀን «ለዛሬ ብቻ» ከተባለ ግን እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ቃሉ የሚሰጠው በጤናማ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰውየው ሳይጠጣና ሳይከፋው። የጠጪዎችን ቤተሰብ በማሠልጠን ላይ የተመሠረተና በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ማየርስ ያዳበረው የምክር ዘዴ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ጊዜ መምረጥ፣ አጭር መናገር፣ ከመውቀስ ይልቅ የራስን ስሜት መግለጽ፣ ሳይጠጣ የመጣበትን ቀን በደስታ መቀበል፣ ሲጠጣ ደግሞ የመጠጡን ውጤት ተሸክሞ አለመሸፈን። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው ንጽጽር ቤተሰቦቻቸው በዚህ መንገድ ከሠለጠኑላቸው ጠጪዎች 64 በመቶ ያህሉ ወደ ሕክምና ሲገቡ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጠጪውን ፊት ለፊት በሚጋፈጥበት ዘዴ የገቡት 30 በመቶ፣ ቤተሰቡ ራሱን ከነገሩ እንዲያርቅ በሚመክረው ዘዴ ደግሞ 13 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የለካው ሕክምና መጀመርን ነው፤ ስለ መንዳት አልጠየቀም። ቢሆንም ከጠጪ ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚቻል የሚያሳየው ነገር ለመሪውም ጉዳይ ይሠራል። ከቤት ሳይወጣ ማን እንደሚነዳ መወሰን፣ መኪናውን ቤት ትቶ በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲ መሄድ፣ ግብዣው ሩቅ ከሆነ እዚያው ዘመድ ቤት ማደርን አስቀድሞ መስማማት፣ የማግስቱንም ጠዋት በዚሁ ሒሳብ ማስገባት፤ እነዚህ ሁሉ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ካለቁ ሌሊት ላይ የሚያከራክር ነገር አይቀርም። ሳልጠቅስ የማላልፈው አንድ ነገርም አለ። መኪና ባለባቸው ብዙ ቤቶች መንጃ ፈቃድ ያለው ባል ብቻ ነው። ሚስት መንዳት ብትማር የቤቱ የኃይል ሚዛን ይለወጣል፤ አንዳንድ ባሎች የሚቃወሙትም ለዚሁ ይመስለኛል።

የሚነሣብኝ የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ እኮ ጠጣ፣ ብቻ አትንዳ ማለት ነው፤ መጠጡን መፍቀድ ነው» የሚል ነው። ሽማግሌዎችም የንስሐ አባቶችም በዚህ ያዝኑብኛል፤ የእነሱ መንገድ ሰውየው «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ እንዲምል ነው። መሐላው ለአንዳንዱ ይሠራል፣ አልክድም። ለብዙዎች ግን አንዴ ሲሰበር «እንግዲህ አንዴ ከረከስኩ» የሚል ስሜት ይዞ ይመጣል፤ በመሐላው ሥር የነበረው የመኪናው ጉዳይም አብሮ ይፈርሳል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በመሐላ ወይም በጠበል በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ የሚመጣ ሌላ አደጋም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊነሣ ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ ቅዠት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የአእምሮ መታወክ ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው ማቋረጥ ያለበት በሐኪም ክትትል ነው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሱስ ሕክምና የሚታወቅ ቦታ ነው። ሽማግሌ ይቅር አልልም። ሽማግሌው ሰፊውን መሐላ ከማስማሉ በፊት ጠባቡን ቃል፣ የቁልፉን ቃል፣ ቢያስገባልን ትልቅ ውለታ ነው። ጠባቡን ቃል መጠበቅ የቻለ ሰው ስለ ሰፊውም መነጋገር ይቀለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ነው። በጓደኞቹ ፊት ከባል ኪስ ቁልፍ መውሰድ ውርደት ነው፣ ሰው ምን ይላል? እውነት ነው፤ ስለዚህም በሰው ፊት አይደረግ ብዬ ነው ነገሩን ሁሉ ወደ ቅዳሜ ጠዋት የምገፋው። አስተናጋጁም ቢሆን «በሞቴ» እያለ ለሚነዳ ሰው መቅዳቱን ቢተው ግማሹ ጣጣ በቀለለ። ሦስተኛው የገንዘብ ነው፤ በየግብዣው ለታክሲ መክፈል የማይችል ቤት አለ። ለዚህ የምመልሰው በስሜት አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንኡስ አንቀጽ 3፣ በመጠጥ ራሱን ለኃላፊነት በማያበቃ ሁኔታ ላይ ጥሎ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ሰው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የሙሉ ሽፋን የመኪና ኢንሹራንስ ውሎችም አሽከርካሪው ጠጥቶ ሲገኝ ካሣ እንዳይከፈል የሚያደርግ ሐረግ በተለምዶ አላቸው። የቤቱ እንጀራ በእሱ ደመወዝ የቆመ ከሆነ የታክሲው ሒሳብ መተያየት ያለበት ከዚህ ጋር ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ አራተኛው ነው፤ ቁልፍ ስትጠይቀው የሚመታ ባል። እዚህ ላይ የጻፍኩት ምክር በከፊል አይሠራም፤ እንዲሠራ መገፋትም የለበትም። ዱላ ባለበት ቤት ከቁልፍ ጋር መታገል አይገባም፤ ቃል መግባባትም አይቻልም። የሚቀረው የራስንና የልጆችን አካል ከመኪናው ማራቅ ነው፤ ይህም ያለ ንግግር፣ ልጅ አሞኛል ወይም እናቴ ዘንድ አድራለሁ በሚል ሰበብ ሊሆን ይችላል። ሰበብ መፍጠር ውሸት ነው ብለው የሚጨነቁ ሴቶች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልወቅሳቸውም። ስለ ዱላው ደግሞ ለብቻው፣ ከመጠጡም ከመኪናውም ተለይቶ፣ እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባሌ ሲጠጣ ብቻ ነው የሚመታኝ የሚለው ማስተባበያ መጠጡን ሲያቆም መምታቱንም እንደሚያቆም ዋስትና አይሆንም።

ብዙዎች ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት «ፖሊስ ልጥራበት?» የሚል ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ሰውየው ሰክሮ መሪ ከያዘና ከተንቀሳቀሰ፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች በቤተሰቡ ምሥጢር የመጎዳት ግዴታ የለባቸውም፤ ሰሌዳውንና የሄደበትን መንገድ ተናገሪ። ባልን አሳልፎ መስጠት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው ቅጣት ይከፍላል፣ መንጃ ፈቃዱ ይያዛል፣ ምናልባትም ወር ሁለት ወር ያኮርፋል፤ ሳይቆም ቢቀር ግን የሚጠብቀው አንቀጽ 543 ነው። ደውላ ያስቆመችው ሚስት እኔ ነኝ ብላ ለባሏ መንገር አለባት ወይ ለሚለው አንድ ወጥ መልስ የለኝም፤ በቤቱ ውስጥ ዱላ መኖር አለመኖሩ ይወስነዋል።