ጳጉሜን የማያውቅ ቅጽ

«ነቀምት» የሚል አለ፣ «ነቀምቴ» የሚልም አለ። በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ ሲጻፍ መጨረሻው ይረዝማል፤ በእንግሊዝኛ «ቀ» ወደ «ከ» ይለወጣል፤ በድሮ የአውሮፓውያን ካርታዎች ላይ ደግሞ በ«ለ» የሚጀምር አጻጻፍ ይገኛል። ለዚህችው የምሥራቅ ወለጋ ዋና ከተማ ነዋሪ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን አምስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ሰው በኪቦርድ የሚያስገባውን ተቀብሎ ትክክሉን ከስህተቱ መለየት ለፕሮግራም ጸሐፊ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ቁጥጥሩ ግን የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ዮርክታውን በተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ አንድ ባልደረባ ሌላ ቁጥር መግባት በነበረበት ቦታ ዜሮ አስገባ። ፕሮግራሙ በዜሮ ላካፍል ሲል ሥርዓቱ ወደቀና መርከቧ ባሕር ላይ ለሰዓታት ቆመች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ አክሲዮን የሚያሻሽጠው የሚዙሆ ሴኪዩሪቲስ ድርጅት ሠራተኛ አንድ አክሲዮን በ610,000 የን ሊሸጥ ፈልጎ 610,000 አክሲዮን በ1 የን ብሎ ጻፈ። አክሲዮኑ የሚሸጥለት ኩባንያ ያወጣው በጠቅላላው 14,500 ገደማ ነበር። ማስጠንቀቂያ ብቅ ቢልም ታለፈ፤ ኪሳራው 40 ቢሊዮን የን ያህል ደረሰ። «ካለው በላይ መሸጥ አይቻልም» የምትል አንዲት መስመር ባስቆመችው ነበር።

በእኛ አገር የሚብሰው የተገላቢጦሹ ነው፦ ልክ የሆነውን ስህተት ማለት። ከውጭ የተቀዳ ቅጽ ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ይቀበላል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በእንዲህ ያለው ቅጽ ፊት ልደት የለውም። 13 ወር የሚያውቅ ፕሮግራም እንኳ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ካለ ይኸው ሕፃን ይቀርበታል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። «የቤተሰብ ስም» ካልሞላህ አላልፍህም የሚል ቅጽም አለ። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በሚጠራበት አገር ያ ሳጥን የሚሞላው በግምት ነው፤ አንዱ ቅጽ ላይ አባት የገባበት ሌላው ላይ አያት ይገባል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የሁዻ ጉዳይ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ በይፋ በሚጻፍበት በቁቤ፣ ሁዻ ድምፅ ቆረጥ የሚልበትን ቦታ የምታሳይ፣ ከፊደላቱ አናት አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ጭረት ናት። ጋብቻ ማለት የሆነው «ጋኤላ» እንኳ ያለ እሷ አይጻፍም። ይህችው ምልክት ግን ኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ ቋት ቋንቋ ጽሑፍ የሚያበቃበትን ቦታ ታመለክታለች። ፕሮግራመሩ ሰው የጻፈውን እንዳለ ከትእዛዙ ጋር ከለጠፈው፣ ማሽኑ ከጭረቷ በኋላ ያለውን እንደ ትእዛዝ ሊፈጽመው ይችላል፤ ሰርጎ ገቦች ቋቶችን የሚዘርፉበት የታወቀ ቀዳዳ ነው። ሰነፍ ፕሮግራመር ምልክቷን ይከለክላታል። ያኔ ስሙን አስተካክሎ የጻፈ የወለጋ ልጅ «ልክ ያልሆነ ፊደል» ተብሎ ይመለሳል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። መፍትሔው ትእዛዙን አስቀድሞ ለብቻው አዘጋጅቶ፣ የሰውየውን ጽሑፍ እንደ ተራ መረጃ ለብቻው ማቀበል ነው። ሁዻም ያለ ጉዳት ታልፋለች።

የግዕዝ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ስለዚህ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ጥሩ ፕሮግራም የባለቤቱን አጻጻፍ ሳይነካ ያስቀምጣል፤ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ያመጣል።

የስልክ ቁጥር በ«09» ካልጀመረ ስህተት ነው ብሎ የተጻፈ ደንብም ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በ«07» አገልግሎቱን በይፋ ሲያስጀምር አረጀ። አንዳንዱ ሰው በ«+251» ይጀምራል፣ ሌላው በየመሐሉ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን አንሥቶ መነሻውን ማስተካከል የማሽኑ ሥራ ነው፤ አንድ አሐዝ ከጎደለ ግን «ስህተት» ብሎ ከመዝጋት «ቁጥሩ 9 አሐዝ ብቻ ነው፤ 10 መሆን አለበት» ብሎ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ቢነግረው ሰውየው ወዲያው አርሞ ያልፋል።