ሦስት ማዕዘን ቁራጮችን ስለ መቀጣጠል

ክርስትና ሊነሣ ለተቃረበ ሕፃን፥ ከሟች አያቱ ሸሚዝና ከነጭ አቡጀዲ ትንሽ የአልጋ ልብስ ቀጣጥላ ለመስጠት የምታስብ እናት ጊዜዋ አጭር ነው፤ ወንድ ቢሆን 40፥ ሴት ብትሆን 80 ቀን ብቻ አላት። ጎረቤት ሥራዋን ደሪቶ ቢለው አይክፋት፤ ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ጨርቁ ነው። በመቀስ የተበላሸ የአባት ሸሚዝ ምትክ የለውምና፥ ባለ ሁለት ቀለም አራት ማዕዘን ለማግኘት የትኛው መንገድ እንደሚሻል አስቀድማ ልታውቅ ይገባታል።

አንዱ መንገድ ሦስት ማዕዘኖቹን ለየብቻ ቆርጦ ጥንድ ጥንዱን መስፋት ነው። ቀላል ይመስላል፤ የሚያስተው ግን ይኸው ነው። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ በኩል ቢስቡት ይጸናል፤ በሰያፍ ቢስቡት ይለጠጣል። የሦስት ማዕዘኑም ረጅም ጎን የሚቆረጠው በሰያፍ ነው። ሳሳ ብሎ የተሸመነ ያረጀ ነጠላ ከሆነማ በእጅ ሲነኩት እንኳ ይጣመማል። እኔም አንድ ጊዜ ከነጠላ ሃያ ያህል ቁራጭ እንዲህ ሰፍቼ፥ ማዕዘኑ ከማዕዘን አልገጥም ቢለኝ ሁሉንም ተርትሬዋለሁ።

ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፥ ሳይቆርጡ አስቀድሞ መስፋት ነው። ሁለት እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ጨርቆች ደማቅ ፊታቸውን እርስ በርስ አጋጥሞ፥ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በጠመኔ ማስመር ነው። ከመስመሩ በግራም በቀኝም 6 ሚሊ ሜትር ያህል፥ ማለት የአሜሪካ ሰፊዎች ሩብ ኢንች የሚሉትን፥ እየራቁ ይሰፏል፤ ከዚያ በኋላ በመስመሩ ላይ ይቆርጧል። ሰያፉን ጎን ስፌቱ አስቀድሞ ስለ ያዘው፥ ያልተጣመሙ ሁለት አራት ማዕዘኖች ይገኛሉ። ተሰፍቶ ሲያልቅ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈለገው፥ መጀመሪያ 12.5 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፥ ከስፌት በኋላ 11.2 ላይ ይስተካከላል። ጨርቅ ይባክናል የሚሉ አሉ፤ ከመተርተር ግን ይሻላል።

በ25 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ላይ ሁለቱንም ሰያፍ መስመሮች አስምሮ፥ በየመስመሩ ግራና ቀኝ ሰፍቶ፥ መጀመሪያ መኻሉን በመስቀል፥ ቀጥሎም በመስመሮቹ ላይ ቢቆርጡት ስምንት በአንድ ጊዜ ይወጣል። ጊዜ ለሌላት እናት ይህ ያጓጓል። ከሸሚዙ ግን ይህን ያህል ስፋት የሚገኘው ከጀርባው ነው፤ መስመሩም አንድ ጊዜ ቢስት ስምንቱ አብረው ይስታሉ። ስለዚህ በአቡጀዲ ብቻ ሳትሞክር ሸሚዙን አትንካው። ከኪስና ከአንገትጌ ለሚተርፈው ጥቃቅን ቁራጭ ግን ከመጀመሪያው መንገድ በቀር ሌላ የለም፤ እርሱን ስታርች አስነክሮ፥ አድርቆና ተኩሶ መቁረጥ ነው።

ካውያውንም አሳርፎ ማንሣት እንጂ ወዲያና ወዲህ መጎተት አይገባም። የስፌቱ ትርፍ ወደ ሸሚዙ በኩል ይጋደም፤ በነጩ አቡጀዲ ሥር ጠቁሮ ይታያልና።