ሰማንያ ላይ የሚጮኸው መኪና

ልጄ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሐዋሳ የሚመላለስ «አባዱላ» ይዟል። መኪናው የእሱ ሳይሆን የባለንብረት ነው። ለልጅ ልጄ የሰማንያ ቀን ክርስትና ወደ ሐዋሳ ስሄድ እሱው ወሰደኝ፤ ጋቢና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሞጆ ወጥተን መንገዱ ገለጥ ሲል ከመሪው ሥር «ጢጥ… ጢጥ…» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አልኩት።

«ፍጥነት መገደቢያ ነው፣ እማዬ። ሰማንያ ላይ ነው የተሞላው። ሲጠጋ ይጮኻል፤ ከዚያ በላይ ነዳጅ ብረግጥም አይሄድልኝም።»

እውነትም አይሄድም። ሌላ ሚኒባስ በግራችን ሽው ብሎ አለፈን። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። «ሾፌር፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ «ሰማንያ የሚፈረመው ለጋብቻ እንጂ ለመኪና ነው እንዴ!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ኮስተር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ሽቦዋን ንቀላትና እንሂድ። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለ። ልጄ ዝም አለ።

ሐዋሳ ገብተን ቡና እስኪፈላ ድረስ አፋጠጥኩት። መሣሪያው ትንሽ ሣጥን ናት። መኪናው ስንት እንደሚሄድ ታነባለች፣ የተሞላላት ቁጥር ላይ ሲደርስ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ትቀንሳለች። ፍሬን አትይዝም፣ ሞተርም አታጠፋም። በአገራችን የሕዝብና የጭነት መኪኖች ይህንን መገደቢያ ከጂፒኤስ ጋር እንዲገጥሙ መታዘዙን ነገረኝ።

«ታዲያ ይነቀላል?»

«ይነቀላል። እኔም ነቅዬው አውቃለሁ» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ለገና ስመለስ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደደወልሽልኝ ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ። አራት ጊዜ ነው። «የት ደረስክ? ዶሮው ቀዘቀዘ፣ እኅቶችህ አንተን ብለው አልቀመሱም» እያልኩ። በአንድ በኩል ባለንብረቱ የበዓል ምልልስ ይቆጥራል፣ በሌላ በኩል እኔ እደውላለሁ። መቂ መግቢያ ላይ አንድ ልጅ ከጋሪ ኋላ ብቅ አለበት። መኪናው ሲቆም ልጁ ከፊት ለፊቱ የአንድ ክንድ ያህል ርቆ ነበር። ዶሮውን የበላው ይህንን ታሪክ በሆዱ ይዞ ነው። እጁ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ስጠይቀው «ድካም ነው» ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሽቦዋን መልሶ አስገጠማት።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ በሰማንያ ፍጥነት አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ በመቶ ፍጥነት አንድ ሰዓት። ትርፉ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። እሱም መንገዱ ባዶ ከሆነ ነው፤ ከብቱ፣ ጋሪውና ባጃጁ ባለበት መንገድ ያቺንም አያገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ አማካይ ፍጥነት አንድ በመቶ በጨመረ ቁጥር ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ የመድረሱ ዕድል አራት በመቶ ይጨምራል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው የመንገድ አደጋ መሆኑን የሚናገረውም ይኸው ድርጅት ነው። ወባ ወይም ሌላ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

መገደቢያዋ ሁሉን ትፈታለች እንዳልል ልጄ ራሱ ያርመኛል። ሰማንያ ለአውራ ጎዳና ነው። ተማሪ በሚፈስበት ዝዋይ ከተማ ውስጥ ሰማንያ ራሱ ገዳይ ነው፣ ሣጥኗ ደግሞ ከተማና ሜዳ አትለይም። ይህንን የሚለየው ሌላው ዓይነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የፍጥነት ወሰን ምልክቱን በካሜራ ወይም ከካርታ እያነበበ ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይዞ ይወጣል። ሾፌሩ ሊያጠፋው ይችላል፤ መኪናውን እንደገና ሲያስነሳ ግን ተመልሶ ይበራል። ጎረቤቴ የገዛው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናም ተመሳሳይ ነገር አለው መሰል፣ እየነዳ ሳለ ይንጫረራል። ስክሪኑ በቻይንኛ ስለሆነ ምን እያለ እንደሆነ አላወቀም፤ ብቻ ማጥፊያውን በመከራ አገኘው። ምልክቱ ተነቅሎ ምሰሶው ብቻ በቀረበት መንገድስ ካሜራው ምን ያነባል?

ጎረቤታችን ኬንያ የማታቱዎችን ፍጥነት በሰማንያ ኪሎ ሜትር እንዲገደብ ያዘዘችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያም ቢሆን መሣሪያውን የሚነካካ ሾፌር አልጠፋም። ሾፌሩ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ይከብደኛል። ገቢው በምልልስ የሚቆጠር ሰው በቀስታ ሲነዳ ከልጆቹ ምግብ ላይ ነው የሚቀንሰው።

የልጄ ባለንብረት ከሁለት ሳምንት በፊት «ወይ ሽቦዋን፣ ወይ ቁልፉን» ብሎታል። ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ አለው፣ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ሚስቱ «ለጊዜው ንቀለውና ሌላ መኪና ፈልግ» አለችው። አልፈርድባትም። እኔ «ቁልፉን ስጠው» አልኩ፤ ግን የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ አይደለሁም። እሱ ሁለታችንንም ሰምቶ ወጣ። ቁልፉ እስካሁን እጁ ላይ ነው። መኪና የሚሰጠው ሌላ ሰው በመናኸሪያው እያጠያየቀ ነው።

እኔ በበኩሌ መንገድ ላይ እያለ መደወል ትቻለሁ። የሚደውልልኝ ረዳቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ «እማማ፣ መቂን አለፍን፤ ምሳ አትጠብቁን» አለኝ። ከድምፁ ኋላ «ጢጥ… ጢጥ…» ሲል ሰማሁት። ወጡን ከእሳት አውርጄ ከደንኩት።