የፊልም ጽሑፍና ዝግጅት የኢንተርኔት ትምህርት

የፊልም ጽሑፍና ዝግጅት የኢንተርኔት ትምህርት ማለት የፊልም ታሪክ መጻፍንና ፊልም ማዘጋጀትን (ዳይሬክቲንግን) በቪዲዮ ገለጻ፣ በንባብና በመልመጃ የሚያስተምር የርቀት ትምህርት ነው። ጽሑፉን ብቻውን ተቀምጦ መለማመድ ይቻላል፤ ዝግጅቱ ግን ተዋናይና ካሜራ ይዞ መሥራትን ይጠይቃል።

ታሪክ

ቀደም ሲል ሙያው በአብዛኛው የሚገኘው በፊልም ትምህርት ቤት ወይም በቀረጻ ቦታ ረዳት ሆኖ በመሥራት ነበር። ለምሳሌ ኃይሌ ገሪማ ፊልም የተማረው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል በምርጥ የፊልም ጽሑፍ ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮርሴራና ኤዴክስ ከተመሠረቱ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች በኢንተርኔት በስፋት መሰጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማስተርክላስ የአሮን ሶርኪንን የፊልም ጽሑፍ ትምህርትና የቨርነር ሄርዞግን የፊልም ሥራ ትምህርት በክፍያ አቀረበ። ካን አካዳሚ ደግሞ ከፒክሳር ጋር ሆኖ ስለ ታሪክ አተራረክ ነጻ ትምህርት አዘጋጅቷል።

ይዘት

በጽሑፍ በኩል ተማሪው ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚያግደውና በእያንዳንዱ ትዕይንት ምን እንደሚለወጥ መወሰንን ይማራል። በዝግጅት በኩል የካሜራ አቀማመጥ፣ ተዋናይን መምራትና የቀረጻ ዝርዝር ማውጣት ይገኙበታል። ከመሠረታዊ ሕጎች አንዱ የ180 ዲግሪ ሕግ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ካሜራው በመካከላቸው ካለው ምናባዊ መስመር በአንድ ወገን ብቻ ይቆያል። መስመሩን ከተሻገረ ሰዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ።

በአማርኛ ሲጻፍ

አብዛኞቹ ትምህርቶች የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንድ ልማዶች ለአማርኛ እንዳሉ አይሠሩም። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው» የሚለው ግምት የተመሠረተው ሆሄያቱ እኩል ስፋት ባላቸው በኩሪየር ባለ12 ነጥብ የፊደል ቅርጽ ላይ ነው። በአማርኛ አንድ ሆሄ ብዙውን ጊዜ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ በአንድ ገጽ የበለጠ ንግግር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ርዝመቱን ለማወቅ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ በሰዓት እየለኩ ማንበብ ይሻላል።

ፋውንቴን የተባለው ነጻ የአጻጻፍ ሥርዓትም የገጸ ባሕርይን ስም የሚለየው በትልልቅ የላቲን ፊደላት በመጻፉ ነው። በግዕዝ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለ ከስሙ በፊት የ@ ምልክት፣ ከትዕይንት ርእስ በፊት ደግሞ ነጥብ (.) ይደረጋል።

ውስንነት

የተቀዳ ቪዲዮ የተማሪውን ሥራ አይቶ ሊያርም አይችልም። ይህን ለማካካስ አንዳንድ ትምህርቶች ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዲገመግሙ ያደርጋሉ። ዝግጅትን ለመለማመድ ግን ገለጻ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ያሉበትን አጭር ትዕይንት በስልክ ቀርጾ፣ አቀናብሮና ለሌሎች አሳይቶ አስተያየት መቀበል ያስፈልጋል። ተመልካቹ ታሪኩን ያለ ማብራሪያ ካልተረዳው፣ ትዕይንቱ እንደገና ይጻፋል ወይም ይቀረጻል።