የአለቃ ፀባይ በምን ይለካል?



የደም ግፊት በማሽን ይለካል፣ ወባ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የአለቃ ፀባይስ?

የቢሮ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ የጤና ጉዳይ ነው። የምሠራው ሸዋ ሮቢት ነው። የጣርማበርን ብርድ ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን ስታልፉ ሙቀቱ የሚቀበላችሁ የይፋት ቆላ ማለት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲበረታ ባለሙያው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ስህተቱ ቶሎ ከተነገረ ብዙ ጊዜ ይታረማል። ሠራተኛው የሚናገረው ግን የሚሰማ አለቃ ሲኖረው ነው።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የሆስፒታል ጥናት፣ ጥሩ አመራር ባላቸው ክፍሎች የተመዘገበው የመድኃኒት ስህተት በርከት ብሎ ተገኘ! ምክንያቱ የበለጠ መሳሳታቸው ሳይሆን አለመደበቃቸው ነው ስትል አስረዳች።

ይህን የአለቃ ችሎታ ሳሎቬይና ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. «የስሜት ብልህነት» አሉት፦ የራስንና የሌላውን ስሜት ማወቅ፣ መረዳት፣ መግራት። እኛ «ሆደ ሰፊ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደለም። ሁሉን ችሎ ዝም የሚል አለቃ የሠራተኛውን ድካም ላያይ ይችላል።

እንዴት ይለካል? ሦስት መንገዶች አሉ።

1. ራሱን መጠየቅ። «ንዴቴን እቆጣጠራለሁ፦ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በፍፁም።» ቀላል ነው፤ ግን የትኛው ግልፍተኛ አለቃ ነው «በፍፁም» ላይ የሚያከብበው?

2. መፈተን። ሜየር፣ ሳሎቬይና ካሩሶ ያዘጋጁት ፈተና 141 ጥያቄዎች አሉት። የፊት ምስል አሳይቶ ስሜቱን ያስለያል፤ ሁኔታ ሰጥቶ «ምን ቢደረግ ይሻላል?» ይላል።

3. የሚመራቸውን ሰዎች መጠየቅ። ስም ሳይጻፍ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባለ ሰው ተሰብስቦ። አለበለዚያ ይሉኝታና ፍርሃት ነው የሚሞላው።

«የውጩን ተርጉመን ብንጠቀምስ?» ትሉ ይሆናል። ቡታጅራ አካባቢ በነፍሰ ጡሮችና በወለዱ እናቶች ላይ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መልስ አለው። ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅ የእናቶቹን የተለመዱ የአእምሮ ጤና ችግሮች በመለየት ከዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች አንሶ ተገኘ። እዚያ የሠራ መለኪያ ሁሉ እዚህ እኩል አይሠራም። «ስሜቴን በግልጽ እናገራለሁ» የሚለውን ጥያቄ አስቡት፤ እኛ ዘንድ የሚከበረው ብዙ ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ያለው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከራሳችን ሥራ ይውጣ። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ጥቅምት ነው፣ የወባ ታማሚ በዝቷል። የአዳር ተረኛዋ ነርስ ጠዋት ርክክብ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹ለአንድ ሕፃን መድኃኒት አዘግይቻለሁ› አለች። ኃላፊው መጀመሪያ ምን ያድርግ?
ሀ) እዚያው ይገሥጻት
ለ) «ምንም አይደል» ብሎ ይለፍ
ሐ) ስለነገረችው አመስግኖ ሕፃኑን ይይ፤ ምክንያቱን በኋላ ለብቻዋ ይጠይቃት
መ) ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት»

እኔ ሐን እመርጣለሁ። «ለ» ደግነት ይመስላል፤ ግን ሕፃኑን ረስቷል። ነገር ግን የአንድ ሐኪም ምርጫ ፈተና አይሆንም። ነርሶች፣ ኃላፊዎችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይስማሙበት። ያው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲፈተን ተቀራራቢ ውጤት ያምጣ። ከሁሉ በላይ፣ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ኃላፊ ጋ በእርግጥ ስህተት ይነገራል? ሠራተኛ ይቆያል? ይህ ካልተረጋገጠ ፈተናው ወረቀት ነው።

ማሳሰቢያ፦ እንዲህ ያለ ፈተና ለሥልጠና እንጂ ሰው ለማባረር አይሁን። የስሜት ብልህነት በልምምድ ይሻሻላል።

ኃላፊ የሆናችሁ ለዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ መጥፎ ዜና ለመጨረሻ ጊዜ የነገረኝ ሠራተኛ ማን ነው? መቼ? ማስታወስ ካቃታችሁ፣ መጥፎ ነገር ስለሌለ ላይሆን ይችላል።

ለአለቃችሁ ሼር ማድረግ ከፈራችሁም... መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው።